ከ«አካለ ስንኩል» እስከ «አካል ጉዳተኛ»፦ በሦስት ሕጎች ትርጓሜ ላይ የቀረበ ትችት

ሕግ ማናቸውንም መብት ከመስጠቱና ማናቸውንም ግዴታ ከመጣሉ በፊት ስለ ማን እንደሚናገር መወሰን አለበት። ይህንንም የሚያደርገው «ትርጓሜ» በሚባለው ክፍል ነው። አንባቢ ሁሉ፥ የሕግ ተማሪም ቢሆን፥ ይህን ክፍል እንደ ደጅ ቆጥሮ እያለፈው ወደ ውስጥ ይገባል። እኛ ግን በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ከደጁ ላይ እንቆያለን፤ በአገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች የወጡትን ሕጎች ስንመረምር በውስጥ የሚገኘው ጉድለት አብዛኛው አስቀድሞ ከደጁ ላይ ተጽፎ አግኝተነዋልና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሦስት ነን፤ ሁለታችን ሕግ፥ አንዳችን የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። ከሦስታችን አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ነገሩን የጀመርነውም ከመጽሐፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት ይህ ባልንጀራችን ከዘመዶቹ የሚላክለትን ገንዘብ የሚያኖርበት ሒሳብ ለመክፈት ወደ አንድ ባንክ ሄዶ ነበር። መታወቂያውንና ከኮሌጁ የተጻፈለትን ደብዳቤ አቀረበ። በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛ እጅግ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አስመጥቶ አስቀመጠው፥ ውሃም ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። ከዚያም «ወንድሜ፥ የሚፈርምልህ ሰው ይዘህ ብትመጣ ነው የሚሻለው» አለው። ባልንጀራችን ፊርማውን ራሱ እንደሚፈርም፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለም ሲፈርም እንደ ኖረ ነገረው። «አምንሃለሁ፤ ዳሩ ግን ሕጉ አይፈቅድም» የሚል መልስ ተሰጠው። የትኛው ሕግ እንደ ሆነ ቢጠይቅ ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ያንን ሕግ ፍለጋ በወጣንበት መንገድ ላይ ያገኘነውን ነው።

መጀመሪያ የገለጥነው በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙው ክፍሉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በቁጥር 340 ላይ መስማትና መናገር የተሳናቸው፥ ዕውሮች፥ ሌሎችም በማይድን ደዌ ምክንያት ራሳቸውን ለመጠበቅ ወይም ሀብታቸውን ለማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች፥ ለዕብዶች ጥበቃ የተደነገገውን ለራሳቸው ጥቅም ሊጠሩት እንደሚችሉ ይናገራል። (በዚህም ሆነ በሚከተለው ሁሉ የምናቀርበው የሕጉን ሐሳብ በእኛ አነጋገር እንጂ ቃል በቃል አይደለም።)

ይህን አንቀጽ ቀስ ብለን ብናነበው የባንኩ ሠራተኛ የተናገረውን አናገኝበትም። «ይችላሉ» ይላል እንጂ «ይገደዳሉ» አይልም። ጥበቃውን የሚጠራው ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው፤ ካልጠራው የለም። ከዚህም በቀር ራሱን የማይችልና ሀብቱን ማስተዳደር የማይችል የሚለው ሐረግ የዕውሩንም የመስማት የተሳነውንም ስም ይገድበዋል። ስለዚህ ሕጉ በፊደሉ ዓይነ ስውርን ከመፈረም አላገደም። ነገር ግን ሕግ የሚናገረው በፊደሉ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከማን ጋር እንዳስቀመጠውም ይናገራል። ዓይነ ስውሩ የተቀመጠው ከዕብዱ ጎን ነው። ያንን አንቀጽ በዕድሜው ያላነበበ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንኳ ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል፤ ከሕጉ ወደ መመሪያ፥ ከመመሪያው ወደ ልማድ፥ ከልማዱ ወደ መስኮቱ ወርዶ ደርሶታልና። ለመከላከያ የተሠራ ጋሻ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ በር መዝጊያ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

በቁጥር 1728 ደግሞ ሌላ አቀማመጥ አገኘን። ዕውርና ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ የሚያኖሩት ምልክት በአዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ይላል። እዚህ ጎረቤቱ ማይሙ ሆኗል። የሕግ አውጪው አሳብ መልካም እንደ ነበር አንጠራጠርም፤ ያልታየ ወረቀት ላይ አስፈርሞ ርስት መንጠቅ በዚያ ዘመን የታወቀ ተንኮል ነበር። ዳሩ ግን ጥያቄው «ወረቀቱን አንብቦታል ወይ» የሚል ከሆነ፥ የማያነበው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በብሬል የሚያነብ ሰው ማይም አይደለም፤ ማይም ሆኖ የቀረበው ውሉ ነው፥ በስድስቱ ነጥብ ሊጻፍ ሲችል አልተጻፈምና። በዚያው ዓመት ግድም፥ ይህ ሕግ ገና ከማተሚያ ቤት ትኩሱን ሲወጣ፥ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ማኅበር ለማቋቋም መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፥ ይፈረማል፥ ገንዘብ ይሰበሰባል፥ ሒሳብ ይያዛል። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሰው ሕጉ ስለማን ይናገር እንደ ነበር ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ በተለይ ስለ አካል ጉዳተኞች ወደ ወጡት ሕጎች እንመጣለን። ሦስት ትርጓሜዎችን መርጠናል፤ የ1963ን፥ የ1986ንና የ2000ን ዓ.ም.።

በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 አካለ ስንኩላንን መልሶ የሚያቋቁም አንድ መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። ትእዛዙ የሚናገርለት ሰው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማግኘት የማይችልና የሚረዳውም የሌለው ነው። በዚህ ላይ ከልጅነት ወይም ከእርጅና የተነሣ እንጀራውን ማግኘት ያልቻለውን ይጨምራል።

ነገሩ ያለው «የማይችልና የሚረዳውም የሌለው» በሚለው ማያያዣ ላይ ነው። ሁለቱም ነገሮች ባንድነት መገኘት አለባቸው። እንግዲህ አንድ እግሩን ያጣ ልብስ ሰፊ በመርካቶ መኪናውን እየረገጠ ልጆቹን ቢያሳድግ በዚህ ትእዛዝ ዓይን አካለ ስንኩል አይደለም፤ መኪናው የተሸጠበት ቀን ግን ይሆናል። መስማት የተሳናት ልጅ አባቷ በሕይወት ሳለ አካለ ስንኩል አይደለችም፤ አባቷ የሞተ ዕለት ትሆናለች። የሰውየው እግርም ሆነ የልጅቱ ጆሮ ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ይህ ትርጓሜ የተረጎመው ስንኩልነትን ሳይሆን ጧሪ ማጣትን ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው በዓይነ ኅሊናው ያየው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጠውን ችግረኛ እንደ ሆነ እንገምታለን፤ ሽማግሌውና እናት አባት የሌለው ሕፃን አብረው የተቈጠሩትም በዚያው ደጅ አብረው ስለሚገኙ ነው።

በዚህ ትእዛዝ ላይ ለመሳለቅ አንፈልግም። እስከዚያ ድረስ ለዘመድና ለምጽዋት የተተወውን ነገር መንግሥት የራሱ ሥራ ነው ብሎ መቀበሉ ቀላል አልነበረም። ቅሬታችን ሌላ ነው፤ የሕጉ ዓይን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አላለፈም። በቃል በሚጠናው በአገራችን ጥንታዊ ትምህርት ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር ከሌላው ጋር እኩል ዜማውን ያጠናል፥ ቅኔውን ይቈጥራል፥ ኋላም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በደጅ ያለውን ያየው ሕግ በውስጥ ያለውን መሪጌታ አላየውም። ቢያየው ኖሮ ለመማር የሚያግደው የዓይን አለመኖር ሳይሆን የማስተማሪያው መንገድ መሆኑን ከሌላ አገር ሳይማር ከዚሁ ባገኘው ነበር።

ሁለተኛው በሽግግሩ መንግሥት ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው፤ ስለ ሥራ ስምሪት የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ የተቈጠረው ማየት፥ መስማት ወይም መናገር የማይችል፥ ወይም እጅ እግሩ የተጎዳ፥ ወይም የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ሰው ነው፤ ምክንያቱ የተፈጥሮ ይሁን ሰው ሠራሽ ልዩነት የለውም። ረጅሙ ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖት ስለ ነበር ይህ «ሰው ሠራሽ» የሚለው ነገር ለብዙ ሰው ባዶ ቃል አልነበረም። ትርጓሜው ከፊተኛው የሚሻልበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ድህነትን አይጠይቅም። ሰውየው ሀብታምም ቢሆን፥ ወላጅም ቢኖረው፥ ይቈጠራል።

ነገር ግን ከኪስ ያነሣውን ዓይን አምጥቶ በሥጋ ላይ ተከለው። ትርጓሜው እንደ ሐኪም መዝገብ የጎደለውን ብልት እየቈጠረ ይሄዳል፤ ከብልቱ ውጭ ያለውን ዓለም፥ ደረጃውን፥ ደብዳቤውን፥ የአለቃውን ፊት አያውቀውም። ይባስ ብሎም በመጨረሻ ላይ በር ጠባቂ አቁሟል። ሰካራሞችን፥ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞችንና ከማኅበራዊ ሥርዓት በወጣ ጠባይ ምክንያት የሥነ ልቡና ችግር ያገኛቸውን ከትርጓሜው ያስወጣል። እስከዚህ ድረስ ዓይን ለምን ጠፋ፥ እግር ለምን ተቈረጠ ብሎ ያልጠየቀ ሕግ እዚህ ሲደርስ የሰውን ጥፋት ይመረምራል። በስካር መኪና ነድቶ እግሩን ያጣ ሰው በሕጉ ውስጥ ነው፤ በሐዘን ብዛት አእምሮው የታወከና የጠጣ ሰው ግን ውጭ ነው። ይህን ልዩነት የሚደግፍ ምክንያት ብንፈልግ አላገኘንም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት ግን በዝምታ የተፈጸመው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት አለ፤ የአእምሮ ሕመም ግን የለም። በአማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ ተሽሎት ወደ ጽሕፈት ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ ሰው በዚህ አዋጅ የሚጠራበት ስም አልነበረውም። ስሙ በዝርዝሩ ስለሌለ ከበሩ ይቆማል፤ በበሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደግሞ ጠባዩን ይጠረጥራል። በየጸበሉ ያሉትን ቤተ ሰቦች ያየ አንባቢ ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ የ1986ቱን ሽሮ በቦታው የገባ ነው። እኛ ካነበብናቸው ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይህ ነው እንላለን። እዚህ አካል ጉዳተኛ የተባለው፥ በአካሉ፥ በአእምሮው ወይም በስሜት ሕዋሳቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ከማኅበራዊ፥ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ተያይዞ እኩል የሥራ ዕድሉን የቀነሰበት ሰው ነው። በፊተኞቹ ትርጓሜዎች ጉድለቱ ያለው በሰውየው ኪስ ወይም በሰውየው ሥጋ ውስጥ ነበር። አሁን ግን በሰውየውና በሌላው ሰው መካከል ተገኘ። በአማርኛችን «ቀነሰ» ማለትና «ቀነሰበት» ማለት አንድ አይደለም፤ «-በት» የምትባለው ትንሽ ቅጥያ ስትጨመር ነገሩ በሰውየው ላይ የደረሰ እንጂ ከሰውየው የመጣ አለመሆኑን ታስታውቃለች። ከ1963 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ውስጥ የተገኘው ለውጥ በዚህች ቅጥያ ውስጥ አለ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የአዋጁም መግቢያ ሊነበብ የሚገባው ነው። የቀድሞው ሕግ አንዳንድ የሥራ ቦታዎችን ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ለይቶ በማስቀመጡ በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመስሏቸዋል፥ ለችግራቸውም የሚመጥን የሥራ ሁኔታ የማግኘት መብታቸውን አላረጋገጠም ብሎ ይወቅሳል። ሕግ የቀደመውን ሕግ እንዲህ በግልጽ ሲተች ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ብዙዎቹ መግቢያዎች «ማሻሻል አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ብለው ያልፋሉ። እዚህ ግን ሕግ አውጪው የሐያሲን ሥራ ሠርቷል። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» የሚለውን ተረት የሚያምን ሰው ለዓይነ ስውሩ ጓሮውን ለይቶ ይሰጠዋል፤ የ1986ቱ አዋጅ የለያቸው ቦታዎችም በመልካም ፈቃድ የተሰጡ ጓሮዎች ነበሩ። የ2000ው ይህን ተረድቷል።

በውስጡም ጠንካራ ነገሮች አሉት። በመድልዎ ተበደልኩ የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ ይችላል፤ ያላዳላ መሆኑን ማስረዳት የአሠሪው ፈንታ ነው። አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፥ ሰዓቱንና አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት አለበት። ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ ይሰጣል። ሴት አካል ጉዳተኞችን በሥራ ቦታ ከሚደርስ ጾታዊ ጥቃት መጠበቅም የአሠሪው ግዴታ ተደርጓል።

እንግዲህ ትችታችን ምንድን ነው? አንደኛው ስለ ማምለጫው ነው። ዝግጅቱ ከባድ ወጪ ወይም ችግር የሚያስከትል ከሆነ አሠሪው ነጻ ይሆናል፤ ይህም በድርጅቱ ስፋት፥ በሥራው ወጪ፥ በሠራተኞቹ ብዛት ይመዘናል። ማምለጫ መኖሩን አንቃወምም፤ አንዲት ትንሽ ሱቅ የምትችለውና አንድ ሚኒስቴር የሚችለው አንድ አይደለም። ዳሩ ግን ሚዛኑን የሚይዘው መጀመሪያ አሠሪው ራሱ ነው። ሥራ ፈላጊው ይህን ሚዛን የሚያየው ፍርድ ቤት ከሄደ ብቻ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው ደግሞ ደረጃ ያለው ሕንፃና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሌለው ችሎት ነው። ሁለተኛው ስለ ቅጣቱ ነው። ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ተደንግጓል። በ2000 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ የተወሰነ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ አንድ ደኅና የቢሮ ወንበር አይገዛም። የገንዘብ ቍጥር በሕግ ውስጥ ሲጻፍ ዋጋው በየዓመቱ እየቀለለ እንደሚሄድ ሕግ አውጪው የሚያውቀው ነገር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ከትርጓሜው ጋር የተያያዘ ነው። ያ የተደነቅንበት ትርጓሜ የሚናገረው እኩል የሥራ ዕድሉ ስለ ቀነሰበት ሰው ብቻ ነው። አዋጁ የሥራ ስምሪት አዋጅ ስለ ሆነ በራሱ ሜዳ ይህ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ሌላ ጠቅላላ ትርጓሜ በታጣበት ይኸው ለሌላውም ጉዳይ ሁሉ ሲጠቀስ እናያለን፤ በዚህ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የት ትገባለች? በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ፊደል የምትቈጥር ልጅ የቀነሰባት የሥራ ዕድል ገና የለም። መራመድ ያቃታቸው የሰማንያ ዓመት እናትስ? የ1963ቱ ትእዛዝ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ያለ አግባብ አስገብቶ ነበር፤ የ2000ው ደግሞ ያለ አሳብ ከውጭ አስቀራቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ራሱ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ይህን ክፍል በተለይ የቋንቋ ተማሪው ባልደረባችን አጥብቆ ይዞታል። «ስንኩል» የሚለውን ቃል ትተን «ጉዳተኛ» ማለታችን ለክብር ተብሎ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን አዲሱ ቃል የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ፥ «አካል» ብሎ ይጀምራል። በአማርኛ አካልና አእምሮ ጥንድ ሆነው የሚነገሩ ሁለት ነገሮች ስለ ሆኑ አንዱን ሲጠሩ ሌላው የተተወ ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ስላወቀ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞች ብሎ ለየብቻ ጠርቷቸዋል፤ የሌሎቹ ሕጎች ርእስ ግን «አካል ጉዳተኞች» ብቻ ነው። ውስጡ አእምሮን ቢጨምርም ርእሱን ብቻ የሚያነብ ባለሥልጣን፥ እርሱም ጥቂት አይደለም፥ የሚያስበው ክራንችና ጥቁር መነጽር ነው። ሁለተኛ፥ «ጉዳት» የደረሰ ነገር ነው፤ ቀድሞ የነበረ ሙሉነትንና ኋላ የመጣ አደጋን ያስባል። ከእናቱ ማሕፀን ሳይሰማ የተወለደና የምልክት ቋንቋን አፍ መፍቻው አድርጎ ያደገ ሰው ምን ጉዳት ደረሰበት? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ በሚሰጥበት ዘመን «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ከሚለው ተረት የተረፈ ነገር በሕጋችን ቃላት ውስጥ መኖሩ ያሳዝናል። የተሻለ ቃል አምጡ ብንባል ዝግጁ መልስ የለንም፤ «መስማት የተሳናቸው» የሚለውም እንኳ ያንኑ አለመቻል ይደግመዋል።

ቃል የሚያደርገውን ነገር በቍጥር ማየት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ከ73.75 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው 805,492 ሰው ነው፤ ከመቶ 1.09 መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ ውስጥ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በፊት በተደረገ ጥናት በኢትዮጵያ ካሉት አዋቂዎች ከመቶ 17.6 የሚሆኑት አካል ጉዳተኞች ናቸው ተብሎ ተጽፏል። አንዱ የሌላው ዐሥራ ስድስት እጥፍ ነው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት መካከል ሕዝቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። የቈጠራ ሠራተኛ ከደጃፍ ቆሞ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል የቤቱ አባወራ ዕፍረቱንም፥ ለልጁ ጋብቻ ያለውንም ሥጋት፥ የቃሉንም ክብደት አስቦ «የለም» ይላል። «እናትዎ ደረጃ ለመውጣት ይቸገራሉ? ልጅዎ ሲጠሩት በደንብ ይሰማል?» ቢባል ሌላ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቈጠራ ስላልተደረገ በየዕቅዱ የሚጠቀሰው ቍጥር ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ለበጀት ሲሆን ትንሹ፥ ለንግግር ሲሆን ትልቁ ይመረጣል የሚል ጥርጣሬ አለን።

ስለ ሕገ መንግሥቱ ከላይ በመልካም ስላነሣነው ሚዛኑን እናስተካክል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያን፥ ወላጅና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ታዝዟል። አንባቢ ይህን ስብስብ ያስታውሰው ይሆናል፤ ጉዳተኛ፥ ሽማግሌ፥ ወላጅ የሌለው ሕፃን። በ1963 በደጁ ያየናቸው ሦስቱ ናቸው። ሃያ አራት ዓመትና ሁለት የመንግሥት ለውጥ አልፎ፥ ሌላው ሁሉ ተገልብጦ ሳለ፥ ይህ አቀማመጥ ሳይነቃነቅ ቆይቷል። ስለ እኩልነት በሚናገረው በአንቀጽ 25 ግን ዘር፥ ቀለም፥ ጾታ፥ ቋንቋ፥ ሃይማኖት እየተባለ ሲዘረዘር አካል ጉዳት በስሙ አልተጠራም፤ «በሌላ አቋም» በሚለው የጅምላ ቃል ውስጥ እንዲገባ ተትቷል። በእንክብካቤው አንቀጽ ስሙ አለ፥ በእኩልነቱ አንቀጽ ስሙ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ያወጣውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕይወት ጉዳይ ሁሉ ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፥ የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቈጣጠር፥ የባንክም ብድር እኩል የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስንፈልግ የነበረውን ሕግ ያገኘነው እዚህ ነው፤ ከባንኩ መስኮት የተነገረን ተቃራኒው ነበር። ነገር ግን የማጽደቂያው አዋጅ ጥቂት አንቀጾች ያሉት አጭር አዋጅ ነው፤ የ1952ቱን ቁጥር 340 አልነካውም። ሁለቱም ሕጎች ናቸው። አንዱ በሕግ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፥ አንዱ በመስኮቱ ሥር ይኖራሉ።

ስለ ሕንፃዎች ብዙ አንልም፤ ማንም በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃዎች ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ፥ የሚመችም መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት መካከል መወጣጫው እንደ ተራራ የቀጠነ፥ ወይም ደኅና ሆኖ ሲያበቃ ከተቈለፈ በር ፊት የሚያልቅ፥ ወይም አሳንሰሩ ከስድስት ደረጃ በኋላ የሚጀምር ሕንፃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለፈቃድ ሲባል የተሣለ መስመር እንደ ሆነ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። የ2000ው አዋጅ ሲወጣ ሥራና ማኅበራዊ ጉዳይ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ፤ ስለ ሥራ ስምሪት የወጣውን ሕግ የሚያስፈጽመውና ስለ አካል ጉዳተኞች የሚያስበው አንድ ቤት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ያ ሚኒስቴር ተከፍሎ ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፥ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። ትርጓሜው ጉዳትንና የሥራ ዕድልን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስተሳሰረው ሰው አሁን ጉዳቱ በአንዱ ሚኒስቴር፥ የሥራ ዕድሉ በሌላው ሆኗል። ሁለቱ ቤቶች ቢነጋገሩ ችግር ላይሆን ይችላል።

ወደ ባንኩ ነገር እንመለስ። ባልንጀራችን የስምምነቱን አንቀጽ 12፥ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 340ና 1728 በወረቀት አትሞ ተመልሶ ሄደ፤ እኛም አብረነው ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉን፥ ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ልጆቼ፥ ነገራችሁ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከበላይ መመሪያ ካልመጣልኝ አልችልም» አሉን። ከብዙ ንግግር በኋላ አንድ መካከለኛ መንገድ ተገኘ፤ ሒሳቡ በእርሱ ስም ይከፈታል፥ ፊርማውን ራሱ ይፈርማል፥ ሁለታችን ግን ከሥሩ ምስክሮች ሆነን እንፈርማለን። ተስማማን፤ መስማማት ይገባን እንደ ነበር እስካሁን አልተስማማንም። ሠራተኛው ቅጹን ሲሞላ ምስክር ያስፈለገበትን ምክንያት የሚያመለክት ሣጥን ላይ ደረሰ። ከተዘረዘሩት ውስጥ ለዓይነ ስውር የሚሆን ስላልነበረ ጥቂት አሰበና «ማንበብና መጻፍ የማይችል» በሚለው ፊት ምልክት አደረገ። ባልንጀራችን ምን እንደ ተጻፈ እንድናነብለት ጠየቀን፤ አነበብንለት። ከዚያም ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ። በዚያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር።